የመዋኛ ገንዳና የስፓ ታይመር ፓናል እንዴት ይገጠማል፣ ሰዓቱስ እንዴት ይሞላል?

በድሬዳዋ የመዋኛ ገንዳ ያለበት ግቢ ገብቶ በሞተር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሣጥን (ፓናል) የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ከብሬከሩ የወጣው ሽቦ በቀጥታ ታይመሩ ውስጥ ይገባል፣ ከታይመሩ የወጣው ደግሞ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ሞተር ይሄዳል። ይህ አሠራር ለጥቂት ወራት ያለ ችግር ስለሚያገለግል ትክክለኛ ይመስላል። ይሁን እንጂ ታይመር የተሠራው ለማዘዝ እንጂ ጭነት ለመሸከም አይደለም፤ ከዚህ በታች የሚገለጸው የፓናል አሠራርም በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማዋ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ወዳለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የተጠራሁት «ፓምፑ አልጠፋ ብሎናል» ተብዬ ነበር። ስደርስ የታይመሩ ክብ ሰሌዳ በሰዓቱ እየዞረ ነው፤ የማጥፊያው ጥርስ ሲደርስም ምላሱ «ቀጭ» ብሎ ይወርዳል፤ ፓምፑ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ኃይሉን አጥፍቼ ታይመሩን ስፈታው የምስር ፍሬ የሚያክሉት ሁለት የብር መገናኛዎች ተበያይደው አንድ ሆነዋል፤ በዙሪያቸው ያለው ነጭ ፕላስቲክም የተቆላ ቡና መስሏል። በታይመሩ ፊት ላይ 16 አምፔር ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑ ግን በቅንፍ ውስጥ 4 የሚል ትንሽ ቁጥር ነበር። 16ቱ እንደ ማሞቂያ ላለ ጭነት ሲሆን በቅንፍ ያለው 4 እንደ ሞተር ላለ ጭነት የተፈቀደው ልክ ነው። ያ ፓምፕ 1.1 ኪሎዋት በመሆኑ በሥራ ላይ 7 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ የዚህን ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይጠይቃል። ታይመሩ የተበየደው ጥራት ስለጎደለው ሳይሆን የማይችለውን ስለተጫነ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሥራው ሰው እርጥብ ሆኖ፣ ጫማ ሳያደርግና ውሃ ውስጥ ገብቶ ከሚነካው ነገር ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሽቦ ማገናኘቱን ሥራ መሥራት ያለበት የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የግቢው ባለቤት ይህን ማንበቡ የሚጠቅመው ምን መጠየቅ፣ ምንስ መቆጣጠር እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። ባለሙያውም ቢሆን ሣጥኑን ከመንካቱ በፊት ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋና ብሬከር አጥፍቶ ይቆልፈዋል፤ ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን ኃይል ባለበት ሌላ ቦታ ላይ ፈትሾ ካረጋገጠ በኋላ በፓናሉ ውስጥ ኃይል አለመኖሩን በፌዝ (ኃይል በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ)፣ በፌዝና በመሬት መካከል ይለካል። በቆዩ ቤቶች የሽቦ ቀለም የማይታመን መሆኑን በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ጥቁሩ አንድ ቦታ ኒውትራል፣ ሌላ ቦታ ፌዝ ሆኖ ይገኛል።

የፓናሉ ቦታና ሙቀቱ

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ተከላ መስፈርት የገንዳውን ዙሪያ በዞን ይከፍለዋል። ከውሃው ጠርዝ እስከ 2 ሜትር ድረስ ያለው አንድ ዞን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው 1.5 ሜትር ደግሞ ሌላ ዞን ነው። ስለዚህ ፓናሉ ከገንዳውም ሆነ ከስፓው (ከሙቅ ውሃ መዘፍዘፊያው) ጠርዝ ቢያንስ 3.5 ሜትር መራቅ አለበት፤ የሚሻለው ግን ሞተር ቤቱ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ መስቀል ነው። ክሎሪንና አሲድ የሚቀመጡበት ክፍል ግን አይሆንም። ከእነርሱ የሚወጣው ትነት የመዳብ ጫፎችን በጥቂት ወራት ውስጥ አረንጓዴ አድርጎ ይበላቸዋል።

በድሬዳዋ ደግሞ የሙቀቱ ነገር ለብቻው መታሰብ አለበት። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ስትሆን በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የምዕራብ ፀሐይ የሚመታው የተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ በቀላሉ ከ50 ዲግሪ ያልፋል። የተለመዱት ብሬከሮች በላያቸው የተጻፈውን አምፔር የሚሸከሙት በ30 ዲግሪ ሙቀት ላይ ተለክቶ ነው፤ ሣጥኑ ሲግል ከተጻፈባቸው በታች በሆነ ጭነት ይወርዳሉ። ሽቦም እንዲሁ ነው፤ የተለመደው የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ሽፋን ያለው ሽቦ በ30 ዲግሪ ከሚሸከመው በ40 ዲግሪ 87 በመቶውን፣ በ50 ዲግሪ ደግሞ 71 በመቶውን ብቻ ይሸከማል። «ከሰዓት በኋላ ብቻ ብሬከሩ ይወርዳል» የሚል አቤቱታ ስሰማ መጀመሪያ የምመለከተው ሞተሩን ሳይሆን ሣጥኑ ወደየት እንደዞረ ነው። ሣጥኑ ጥላ ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ አቧራና የውሃ ርጭት የማያስገባ የአይፒ 65 ደረጃ ያለው ይሁን፣ ከሚያስፈልገው በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ስፋት ይኑረው፤ ሽቦዎቹም ከታች እንጂ ከላይ አይግቡ።

ሽቦው እንዴት ይሄዳል?

ከዋናው የብሬከር ሰሌዳ ራሱን የቻለ ገመድ ወደ ፓናሉ ይመጣና መጀመሪያ የሚገባው ማለያ ማብሪያ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ፍሳሽ ኤሌክትሪክን ለይቶ የሚቆርጠው፣ ባለሙያዎች አርሲዲ የምንለው መሣሪያ ሲሆን ልኩ 30 ሚሊአምፔር መሆን አለበት። የ100 ወይም የ300 ሚሊአምፔር አርሲዲ ቤትን ከእሳት ይጠብቅ ይሆናል እንጂ ውሃ ውስጥ ያለን ሰው አይጠብቅም። ከአርሲዲው የወጣው ኒውትራል ከሌላ ኒውትራል ጋር በምንም ቦታ መገናኘት የለበትም፤ «አርሲዲው ያለ ምክንያት ይወርዳል» እየተባለ ተነቅሎ የሚጣለው በአብዛኛው አንዱ ሠራተኛ የኒውትራል ሽቦዎችን በአንድ ላይ ስላሰራቸው ነው። አቅም ካለ ለፓምፑና ለማሞቂያው ለየብቻ አርሲዲ ማድረጉ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይረዳል።

ከአርሲዲው በኋላ እያንዳንዱ ጭነት የራሱ ብሬከር ይኖረዋል። በምሳሌ የያዝነው የ1.1 ኪሎዋት ፓምፕ በ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል፤ ብሬከሩ በሞተሩ መነሻ ጉልበት እንዳይወርድ ሲ የሚል ምልክት ያለው ይሁን። 6 ኪሎዋት የሆነ የስፓ ማሞቂያ በ220 ቮልት 27 አምፔር ይስባል፤ ለዚህ 32 አምፔር ብሬከር ይገባል፤ ሽቦው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው 6 ሳይሆን ከላይ በጠቀስኩት ሙቀት ምክንያት 10 ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን ይመረጣል። ለማዘዣው መስመር፣ ማለትም ለታይመሩና በታይመሩ ትእዛዝ ትልቁን ኃይል ለሚያበሩትና ለሚያጠፉት ማብሪያዎች፣ ለኮንታክተሮቹ፣ የሽቦ ጥቅል፣ 6 አምፔር ብሬከር ለብቻው ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የታይመሩ ሁለት ተርሚናሎች (ሽቦ የሚታሰርባቸው ጫፎች) ፌዝና ኒውትራል ገብቶባቸው ሰዓቱን ያስኬዳሉ፤ ሌሎቹ ተርሚናሎች የማብሪያ መገናኛዎች ናቸው። ከማዘዣው ብሬከር የወጣው ፌዝ መጀመሪያ «አውቶማቲክ፣ ዜሮ፣ በእጅ» የሚል ሦስት ቦታ ያለው መምረጫ ማብሪያ ውስጥ ይገባል። አውቶማቲክ ሲሆን ወደ ታይመሩ መገናኛ ይሄዳል፤ በእጅ ሲሆን ታይመሩን ዘልሎ ያልፋል። ከሁለቱም የሚመጣው መስመር አንድ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ በሚያቋርጠው የሞተር መከላከያ ላይ 95 እና 96 ተብለው በተቆጠሩት ተርሚናሎች በኩል ያልፍና ኮንታክተሩ ላይ ኤ 1 ይገባል፤ ኤ 2 ላይ ኒውትራል ይታሰራል። ሞተሩ ቢግልና መከላከያው ቢወርድ ኮንታክተሩ የሚለቀው መስመሩ በ95 እና 96 በኩል በማለፉ ነው። የሞተሩ ኃይል ራሱ ግን በታይመሩ አጠገብም አያልፍም፤ ከ16 አምፔሩ ብሬከር ወደ ኮንታክተሩ ትልልቅ ተርሚናሎች፣ ከዚያ ወደ መከላከያው፣ ከመከላከያው ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ኮንታክተሩ ሲገዛ መታየት ያለበት ለሞተር የተሰጠው ልክ ሲሆን እርሱም ኤሲ 3 ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ይገኛል።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። የሞተር መከላከያዎች በአብዛኛው ለሦስት ፌዝ የተሠሩ ስለሆኑ ለአንድ ፌዝ ፓምፕ ሲውሉ ኃይሉ በሦስቱም መንገዶች እንዲያልፍ ሆኖ መታሰር አለበት፤ አለዚያ መከላከያው «አንድ ፌዝ ጎድሏል» ብሎ ጤነኛውን ሞተር ያጠፋዋል። የመከላከያው መዘውር የሚሞላው በሞተሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ባለው አምፔር ልክ ነው። እንዳይወርድ ተብሎ እስከ መጨረሻው የተዞረ መከላከያ እንደሌለ ይቆጠራል።

ማሞቂያው ያለ ውሃ እንዳይበራ

በስፓ ፓናል ውስጥ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ውሃ የማይዞርበት ማሞቂያ በደቂቃዎች ውስጥ ቧንቧውን ያቀልጣል። ስለዚህ የማሞቂያው ኮንታክተር የሚታዘዘው በራሱ ታይመር ብቻ ሳይሆን በሰንሰለት ነው፤ ከታይመሩ የወጣው የማዘዣ ፌዝ በፓምፑ ኮንታክተር ላይ 13 እና 14 ተብለው በተቆጠሩት ረዳት መገናኛዎች፣ ከዚያ በውሃ ፍሰት ማብሪያው፣ ከዚያ ሙቀቱን በሚቆጣጠረው ቴርሞስታት፣ በመጨረሻም በእጅ ካልተጫኑት በማይመለሰው የሙቀት ገደብ ማብሪያ አልፎ ወደ ማሞቂያው ኮንታክተር ይገባል። ከእነዚህ አንዱ መስመሩን ካቋረጠ ማሞቂያው ይጠፋል።

«የፍሰት ማብሪያ ካለ የፓምፑ ረዳት መገናኛ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። መልሱን ማንኛውም የድሬዳዋ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ሊያየው ይችላል። በከተማዋ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን በሙቀት ጊዜ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል፤ ያው ቅርፊት በፍሰት ማብሪያው ክንፍ ላይ ሲጋገር ክንፉ ውሃ ቢኖርም ባይኖርም በበራበት ይቀራል። በየሦስት ወሩ ክንፉን አውጥቶ በአሲድ ወይም በሆምጣጤ ማጠብ፣ ማሞቂያውንም በዚያው ጊዜ መመልከት ያስፈልጋል። ሁለቱ መከላከያዎች በተለያየ ምክንያት የሚበላሹ በመሆናቸው አንዱ ሲስት ሌላው ይይዛል።

የስፓው ቴርሞስታት ከ40 ዲግሪ በላይ አይሞላ። የአየር መንፊያውና ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ የሚበሩበት ቁልፍ ለሰው በሚደረስበት ቦታ መሆን ስላለበት ኤሌክትሪክ ያለበት ማብሪያ ሳይሆን የአየር ግፊት ቁልፍ ይደረጋል፤ ጣት ሲጫነው በቀጭን ቱቦ የሚሄደው አየር ብቻ ነው፤ ማብሪያው ራሱ ፓናሉ ውስጥ ይቀመጣል። ከእርሱ በኋላ ከ15 ደቂቃ በላይ የማይቆይ ትንሽ ታይመር ቢጨመር ሰው ረስቶት የሄደ መንፊያ ሲጮኽ አያድርም።

የውሃ ውስጥ መብራት በ12 ቮልት ትራንስፎርመር ብቻ ይሠራል፤ ትራንስፎርመሩም ከዞኖቹ ውጭ ይቀመጣል። የቆዩት 300 ዋት መብራቶች በ12 ቮልት 25 አምፔር ስለሚስቡ ማብራትና ማጥፋቱ በ220 ቮልት በኩል መሆን አለበት፤ በዚያ በኩል ያለው 1.4 አምፔር ገደማ ብቻ ነው።

የገንዳው መሰላል፣ የመያዣው ብረት፣ የፓምፑ አካል፣ የሲሚንቶው ውስጥ ብረትና የብረት ቧንቧዎች ሁሉ በመዳብ ሽቦ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ከመሬት ሽቦ ጋር ይገናኛሉ፤ እኔ ለዚህ 6 ሚሊሜትር ካሬ እጠቀማለሁ። በደቻቱ ወንዝ ዳርና በአካባቢው ያለው አሸዋማ አፈር ሲደርቅ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ አንድ አጭር የመሬት ዘንግ አይበቃም፤ ሁለት ወይም ሦስት ረጃጅም ዘንጎች ተራርቀው ይተከሉና የመሬቱ ልኬት በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ አፈሩ በደረቀበት ጊዜ ይወሰዳል። ከዝናብ በኋላ የተወሰደ ጥሩ ልኬት አያስመካም።

ከውጭ የመጣ ፓናል

ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ፣ ታይመሩና ብሬከሩ አብሮ የተገጠመለት ፓናል የሚያመጡ ደንበኞች አሉ። ሣጥኑ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዚያ አገር ኃይል በሁለት ፌዝ የተከፈለ 240 ቮልትና በአንዱ ፌዝ 120 ቮልት ሲሆን ድግግሞሹ 60 ኸርዝ ነው። በእኛ አገር ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የታይመሩ ሞተር 120 ቮልት የሚል ከሆነ በ220 ወዲያው ይቃጠላል። ቮልቱ ቢስማማ እንኳ ሰዓቱ የሚዞረው በድግግሞሹ ልክ ስለሆነ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ፣ በቀን 4 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ባለቤቱ በየቀኑ እያስተካከለ «ሰዓቱ ተበላሽቷል» ሲል ይከርማል። እንዲህ ባለው ጊዜ ሣጥኑን አስቀርቶ ታይመሩን በ50 ኸርዝ መቀየር ይሻላል።

ሰዓቱን መሙላት

መጀመሪያ ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት መሥራት እንዳለበት ይወሰን። 8 ሜትር በ4 ሜትር ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 48 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ በሰዓት 12 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ይህን በ4 ሰዓት አንድ ጊዜ ያዞረዋል። በቀን ሁለት ጊዜ ማዞር የተለመደው ዝቅተኛ ልክ ነው። ሌላው የቆየ የባለሙያዎች ዘዴ የውሃውን ሙቀት ለሁለት ማካፈል ነው፤ ውሃው 28 ዲግሪ ከሆነ 14 ሰዓት ማለት ነው። በድሬዳዋ በቀዝቃዛዎቹ ወራት 10 ሰዓት፣ ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ ወደ 14 ሰዓት ማሳደግ ውሃውን ከአረንጓዴነት ይጠብቀዋል። ሐረር ከፍ ያለችና ቀዝቀዝ ያለች በመሆኗ እዚያ ያለ ገንዳ ከዚህ ባነሰ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው እኛን ብቻ የሚገጥመን ችግር ነው። የታይመሩ ሰሌዳ የተቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ሲሆን እኛ ግን ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት ነው። ባለቤቱ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይነሣ» ሲል ሠራተኛው ጥርሱን 2 ላይ ካስቀመጠው ፓምፑ የሚነሣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የቀን ሰዓት ላይ 6፣ የማታ ሰዓት ላይ 18 ይደመራል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ንጋት ካለው ግን 6 ይቀነሳል። ለምሳሌ 10ሩን ሰዓት ለሁለት ከፍለን ከንጋቱ 12 እስከ ጠዋቱ 5፣ ከዚያም ከቀኑ 9 እስከ ማታው 2 ሰዓት እንዲሠራ ብንፈልግ በሰሌዳው ላይ ከ6 እስከ 11 እና ከ15 እስከ 20 ያሉት ጥርሶች ይጫናሉ። በጥርስ የሚሠሩት ሰሌዳዎች እንደ ዓይነታቸው አንዱ ጥርስ 15 ወይም 30 ደቂቃ ስለሚይዝ አስቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ሰሌዳው ወደ ትክክለኛው ሰዓት ሲመጣ በቀስቱ አቅጣጫ ብቻ ይዞር፤ ወደ ኋላ መመለስ ማርሹን ይሰብራል።

የማሞቂያው ማብቂያ ከፓምፑ ማብቂያ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይሞላ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚዞረው ውሃ የጋለውን ማሞቂያ ያቀዘቅዘዋል። ክሎሪን የሚጨምር መሣሪያ ካለ ደግሞ በምሽቱ ክፍል ውስጥ ቢሠራ ፀሐይ አታጠፋውም፤ እርሱም ከፓምፑ ጋር በሰንሰለት መታሰር አለበት።

መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ የሌለው የጥርስ ታይመር ይቆማል፤ ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ውስጡ ባትሪ ያለውን መግዛት ትርፍ ወጪ አይደለም። በዲጂታል ታይመሮች ላይ ደግሞ በፈረንጆች በጋና ክረምት ሰዓቱን በራሱ የሚቀይር ምርጫ ካለ ይጥፋ። መብራት ተመልሶ እየበራ እየጠፋ ሲያስቸግር ሞተሩ እንዳይጎዳ ከኮንታክተሩ በፊት አምስት ደቂቃ የሚያቆይና ቮልቱ ከ190 ሲወርድ ወይም ከ250 ሲያልፍ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ መጨመር ይገባል።

የመጨረሻው ፍተሻ

ኃይል ከመለቀቁ በፊት ሁሉም ተርሚናል በካቻቢቴ እንደገና ይጠበቃል፤ የፓምፑና የማሞቂያው ሽቦ የሽፋኑን ጤንነት በሚያሳይ የ500 ቮልት የኢንሱሌሽን መለኪያ ይለካል፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ አይበራም። ኃይል ሲለቀቅ መጀመሪያ የአርሲዲው መሞከሪያ ቁልፍ ይጫናል፤ ካልወረደ ሥራው እዚያ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ መምረጫው በእጅ ላይ ይደረግና ፓምፑ ይነሣል፤ ሦስት ፌዝ ከሆነና ድምፁ እያለ ውሃው ደካማ ከሆነ ወደ ኋላ እየዞረ ነው፤ ሁለቱን ፌዞች ማለዋወጥ ያስተካክለዋል። አምፔሩ በመቆንጠጫ መለኪያ ተለክቶ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። ከዚያም ማሞቂያው በርቶ ሳለ የውሃው መዝጊያ ቀስ ተብሎ ይዘጋል፤ ኮንታክተሩ «ጧ» ብሎ መልቀቁ ሲሰማ የፍሰት ማብሪያው ሠርቷል ማለት ነው። ማጣሪያውን ለማጠብ መዘውሩን የሚያዞር ሠራተኛም መምረጫውን አስቀድሞ ዜሮ ላይ ማድረግን በዚሁ ቀን ይለማመድ፤ ፓምፑ እየሠራ የዞረ መዘውር ውስጡ ያለው ጎማ ይቀደዳል።

የሽቦው ንድፍና የሰዓቱ ሠንጠረዥ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ሰዓቱ በእኛም በሰሌዳውም አቆጣጠር ጎን ለጎን ተጽፎ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በፓናሉ በር ውስጠኛ ክፍል ይለጠፋል። በወረቀቱ ግርጌ የአርሲዲው ቁልፍ በየወሩ የተሞከረበትን ቀንና የሞከረውን ሰው ፊርማ የሚቀበል ባዶ ቦታ ይተዋል።